ልጆች ይዞ ሙዚየም መግባት፦ ለአዲስ አበባ የክረምት እረፍት

ከሁለት ክረምት በፊት እኅቴ ሦስት ልጆቿን ይዛ ከአዳማ መጣች። የእኔ ሁለቱ ሲጨመሩ አምስት ሆኑ። "በአንድ ቀን እንጨርሰው" አልን። ጠዋት ብሔራዊ ሙዚየም፣ ከምሳ በፊት ስድስት ኪሎ፣ ከሰዓት አንድነት ፓርክ። ወረቀት ላይ ሲታይ ያምር ነበር።

አምስት ሰዓት አካባቢ ያኔ አምስት ዓመቱ የነበረው ልጄ ከንጉሡ ዙፋን ፊት ለፊት ወለሉ ላይ በጀርባው ተዘረጋ። "እግሬ አለቀ" አለ። የእኅቴ ትንሹ ሽንቱ መጣ። ትልቋ ራበኝ አለች። ጥበቃ ላይ የነበሩት አዛውንት ጎንበስ ብለው ልጁን አዩት፤ ቀጥለው እኔን አዩኝ። "ልጄ፣ ይዘሻቸው ወደ ቤት ሂጂ። ድንቅነሽ እንደሆነች ሦስት ሚሊዮን ዓመት ጠብቃለች፤ ነገም አለች" አሉኝ።

ይዘናቸው ሄድን። ከዚያ ወዲህ አሠራራችን አንድ ነው፦ በአንድ ቀን አንድ ቦታ፣ ውስጥ የምንቆየው ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል፣ የምናየውም ጥቂት ነገር። ሌላው ሁሉ ዝግጅት ነው። እነሆ እንዴት እንደምናደርገው።

1. ቦታውን በልጁ ዕድሜ ምረጡ

ሁሉም ሙዚየም ለሁሉም ልጅ አይሆንም። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ የሚፈልገው መሮጫ ነው። ለእሱ ግቢ ያለው ቦታ ይሻላል። መካኒሳ ያለው ዞማ ሙዚየም ለዚህ ተወዳዳሪ የለውም። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ ያቋቋሙት ነው፤ በ2011 ለሕዝብ ተከፈተ። ቤቶቹ ጭቃና ጭድ ናቸው፤ ግድግዳው ሁሉ በእጅ የተጌጠ። አትክልቱ፣ ላሞቹ፣ ጠመዝማዛው መንገድ ለልጅ በቂ ነው። ትንሿ ልጄ ከሥዕሉ ይልቅ ላሟን አንድ ሰዓት ሙሉ ስታይ ዋለች። ምንም አላልናትም።

ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ላለ ልጅ ብሔራዊ ሙዚየም፣ የስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም እና አንድነት ፓርክ ጥሩ ናቸው። ፒያሳ ያለው፣ የካቲት 3 ቀን 2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ግን ልጁ ስለ ዓድዋ ትምህርት ቤት ከሰማ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ምኒልክና ጣይቱ እነማን እንደሆኑ ያላወቀ ልጅ ትልቅ አዳራሽ ብቻ ነው የሚያየው።

አንድ ቦታ ግን ለትንንሾቹ አይሆንም። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም። በ2002 የተከፈተ ነው፤ አዋቂ ሁሉ ሊያየው የሚገባ። ውስጡ ግን የራስ ቅልና አፅም፣ የሟቾች ፎቶግራፍ አለ። አንድ ዘመዴ የስድስት ዓመት ልጁን ይዞ ገባ። ልጁ ሳምንት ሙሉ "ብቻዬን አልተኛም" ብሎ አስቸገረ። እናንተ መሄድ ከፈለጋችሁ ልጆቹን ለአያታቸው ትታችሁ ሂዱ።

2. ቀኑንና ሰዓቱን አስተካክሉ

የእረፍቱ ችግር ክረምት መሆኑ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጠዋቱ ብዙ ጊዜ ረገብ ይላል፤ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ስለዚህ በሩ ሲከፈት እዚያ ሁኑ። ሦስት ሰዓት ላይ ብትደርሱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ወጥታችሁ፣ ምሳ በልታችሁ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ቤት ትገባላችሁ። ትንሹም እንቅልፉ አያመልጠውም። ይህ የመጨረሻው ነገር ቀልድ አይደለም። ያልተኛ የሦስት ዓመት ልጅ ይዞ ከሰዓት በኋላ ሙዚየም መግባት ራስን መቅጣት ነው።

ነሐሴ ከገባ ፍልሰታን አስቡ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ልጆች የሚጾሙበትና የሚቆርቡበት ቤት ብዙ ነው። አስቀድሰው የወጡ፣ ገና ምንም ያልቀመሱ ልጆችን በቀጥታ ወደ ሙዚየም መውሰድ አይሆንም። ወይ ከጾሙ በፊት ሂዱ፣ ወይ ጾሙ ከተፈታ በኋላ። በበዓል ቀን ደግሞ ዝም ብላችሁ አትውጡ። ከመውጣታችሁ ከአንድ ቀን በፊት ደውላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ነገ ክፍት ነው ወይ? ልጅ ስንት ይከፍላል? ለእድሳት የተዘጋ ክፍል አለ ወይ? ዋጋ ይለዋወጣል፤ ባለፈው ዓመት የሰማችሁትን አትመኑ።

ከውጭ ለምትመጡ አንድ ተጨማሪ ነገር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ይበልጣል። ከዱባይ፣ ከጅዳ ወይም ከዋሽንግተን የመጣ ልጅ የመጀመሪያውን ሁለት ቀን ቶሎ ይደክመዋል፤ ራሴን አመመኝ ሊል ይችላል። እነዚያን ቀናት ለአክስትና ለአጎት ስጧቸው። እንጦጦ ለመጨረሻ ይቆይ።

3. ማታውን ተዘጋጁ

ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ይህ ነው። ሰው ግን ይዘለዋል።

መጀመሪያ ታሪኩን ንገሯቸው። መብራት ከመጥፋቱ በፊት "ተረት ተረት" በሉ፤ "የላም በረት" ይሏችኋል። "ከብዙ ብዙ ዘመን በፊት፣ አፋር ውስጥ፣ አዋሽ ወንዝ ዳር አንዲት አጭር ሴት ነበረች..." ብላችሁ ጀምሩ። ልጅ የሚያውቀውን ሰው ሊጠይቅ ሲሄድና የማያውቀውን ሲያይ አንድ አይደለም።

ቀጥሎ ሜትር አምጡና በበሩ መቃን ላይ ከወለሉ 1 ሜትር ከ10 ሳንቲሜትር ለኩ፤ በእርሳስ አስምሩ። የድንቅነሽ ቁመት ይኸው ነው። ልጆቹን አንድ በአንድ ከመስመሩ ስር አቁሟቸው። ቤታችን ውስጥ ይህ መስመር ከተሰመረ ወዲህ ድንቅነሽ የቤተሰብ አባል ሆናለች።

ከዚያ አምስት ካርድ ሥሩ። ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ይበቃል። በእያንዳንዱ ላይ ነገ የሚፈለግ አንድ ነገር ሣሉ፦ ዙፋን፣ ዘውድ፣ ጋሻ፣ በገና፣ አንበሳ። ሥዕሉ ባያምር ግድ የለም። የእኔ አንበሳ ፍየል ይመስላል፤ ልጆቹ እየሳቁም ቢሆን ፈልገው ያገኙታል። ከአምስት በላይ አታድርጉት። አሥር ካርድ ሠርተን ስድስተኛው ላይ ፀብ ተነሥቷል።

በመጨረሻ እጅን ማሠልጠን። "አትንኩ" ብሎ ማስጠንቀቅ ዋጋ የለውም፤ ልጅ "አትንካ" ሲባል የሚሰማው "ንካ" የሚለውን ነው። እኛ "እንደ ዳኛ መሄድ" የሚባል ጨዋታ አለን። ሁለት እጅ ወደ ኋላ ተጣጥፎ፣ ደረት ወጥቶ፣ ቀስ ብሎ መራመድ። ሳሎን ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ይለማመዱታል። ሙዚየሙ ውስጥ "ዳኛ!" ሲባል እጆች ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ሁልጊዜ አይሠራም። ከአሥር ሰባት ጊዜ ይሠራል።

4. ቦርሳው

ሙዝ፣ ዳቦ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ውሃ። ዳቦ ቆሎ ለትልልቆቹ ጥሩ ነው፤ ለትንሹ ግን ቆሎ አትስጡ፣ ያንቀዋል። ጭኮ ቀላል ነው፣ ያጠግባል፣ አይፈስም። ብስኩት ስለሚረግፍ ግቢው ውስጥ ብቻ ይበላ። ሶፍት ከምታስቡት እጥፍ ያዙ። ቅያሪ ሱሪ አንድ፣ ካልሲ አንድ፣ ፌስታል ሁለት። ጃንጥላ። ጃኬት ለሁሉም፤ የድንጋይ ሕንፃ ውስጥ በክረምት ይበርዳል።

የልጅ ጋሪ ቤት ተዉት። ደረጃው፣ የእግረኛ መንገዱ፣ ታክሲው፣ ሁሉም ጠላቱ ነው። ለሕፃኑ አንቀልባ ወይም በደረት የሚታሰረውን ያዙ። እናቴ ያዘለችበት አንቀልባ አሁንም ይሠራል። የስድስት ኪሎን ደረጃ ሦስት ጊዜ ወጥቶ ወርዷል።

ስልክ ቁጥራችሁን በቢክ እስክሪብቶ በልጁ ክንድ ላይ ከውስጥ በኩል ጻፉ። ወረቀት ይጠፋል።

5. መንገዱና በሩ

አምስት ሰው ከሆናችሁ ሚኒባስ ታክሲ ላይ መጋፋት አያስፈልግም፤ በስልክ የሚጠራውን መኪና ጥሩ። ሁለት ልጅ ብቻ ከሆነ ግን ታክሲውም የጉብኝቱ አካል ነው። ልጄ ከድንቅነሽ እኩል የሚያስታውሰው ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ "አራት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ!" ሲል ነው። ለወር ያህል ቤት ውስጥ ሲጠራ ከረመ።

መታወቂያ ሳትይዙ አትውጡ። የቀበሌም ሆነ ፋይዳ፣ ለእያንዳንዱ አዋቂ። ከውጭ የመጣችሁ ፓስፖርት ወይም የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ያዙ። ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ ዋጋው ብዙ ቦታ ስለሚለያይ በሩ ላይ ያከራክራል።

በሩ ላይ ፍተሻ አለ። ልጆቹን ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ አለበለዚያ "ለምን ነካኝ?" ብሎ የሚያለቅስ ይኖራል። እኛ "ክንድ እንደ አሞራ" እንላለን፤ ሁለት እጅ ዘርግተው በየተራ ያልፋሉ። ፈታሿም ሳቀች።

6. ብሔራዊ ሙዚየም

አምስት ኪሎና ስድስት ኪሎ መሀል ነው። ገብታችሁ መጀመሪያ የምትሄዱት ሽንት ቤት ነው። "አልመጣኝም" ቢሉም ይሂዱ። አንዴ ሌላ ቦታ፣ ስሙን አልጠራም፣ ሽንት ቤቱ ተቆልፎ ቁልፉን የያዘው ሰው ምሳ ወጥቶ ነበር። ቅያሪ ሱሪ የምለው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ቀጥታ ወደ ምድር ቤት ውረዱ። ልጅ ጉልበቱ ያለው የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ ላይ ነው፤ እሱን ለድንቅነሽ ስጡት። በቅርጽ የተሠሩት ሁለት ናቸው። አንዷ አጥንቶቿ እንደተገኙት ተዘርግታ፣ ሌላዋ እንደ ቆመች ሆና። የሚታየው ቅጂ መሆኑን ለልጆቹ ንገሯቸው፤ እውነተኛው አጥንት በጥንቃቄ በካዝና ይቀመጣል። "ውሸት ነው እንዴ?" ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። እኛ የሰጠነው መልስ፦ እንደ ልደት ፎቶህ ነው፣ አንተ ራስህ አይደለህም፣ ግን አንተን ይመስላል።

ልጆች የሚወዱት ቁጥር ይኸውላችሁ። ድንቅነሽ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 አፋር ውስጥ ሐዳር በተባለ ቦታ ነው። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት። ከሰውነቷ 207 አጥንቶች የተገኙት 47 ናቸው። ትልቁ ልጄ "የቀሩት የት ሄዱ?" ብሎ ጠየቀ። ጅብ በላቸው፣ ጎርፍ ወሰዳቸው፣ እያሉ እዚያው ተከራከሩ። አታቋርጧቸው። ልጁን ከቆመችው ጎን አቁሙትና በሩ ላይ ያሰመራችሁትን አስታውሱት።

እሷን ጨርሳችሁ "ሰላም" የተባለችውን ፈልጉ። ለትንንሾቹ ከድንቅነሽ ይልቅ ሰላም ትቀርባለች፤ ሕፃን ናት። ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ ነበረች። ከሐዳር አዋሽን ተሻግሮ ዲኪካ በምትባል ቦታ በ1993 የቅሪተ አካል ተመራማሪው የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን አገኛት። ከድንቅነሽም ትቀድማለች፤ 3.3 ሚሊዮን ዓመት። ፊቷ ከድንጋዩ ጋር ተጣብቆ ስለነበር ዘረሰናይ የጥርስ ሐኪም መሣሪያ ይዞ አሸዋውን ፍሬ በፍሬ ሲያነሣ ዓመታት ፈጀበት። የወተት ጥርሷ አልወለቀም። ይህን ስነግራት ትንሿ ልጄ አፏን ከፍታ የራሷን በጣቷ ቆጠረች፤ ከዚያ መስታወቱን ተጠግታ የሰላምን ልትቆጥር ሞከረች። አጠገባችን የነበሩ ቱሪስቶች ቆመው ጠበቋት።

ከዚያ ወደ ላይ፣ ካርዶቹን ይዛችሁ። ዙፋኑንና ዘውዱን ምድር ወለል ላይ ታገኛላችሁ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትልቁ የእንጨት ዙፋን ቅርጻ ቅርጹ ብዙ ስለሆነ እዚያ ፊት ተቀምጦ የተመለከቱትን መሣል ይቻላል፤ እርሳስና ወረቀት ስጧቸውና ዕረፉ። ከላይ ያሉት ፎቆች ሥዕልና የባህል ዕቃ ናቸው። እኛ ሦስት ጊዜ ሄደን ወደ ሥዕሉ የወጣነው አንዴ ነው። አልቆጨኝም። ልጁ አንድ ጊዜ ካዛጋ ውጡ፤ ሁለተኛውን ማዛጋት አትጠብቁ።

ግቢው ውስጥ ዛፍ ስር ሙዝ ይበላል። እዚያ ነው ጥያቄው ሁሉ የሚመጣው።

7. ስድስት ኪሎ

በሌላ ቀን ነው። ቅርብ ስለሆነ "አያይዘን" የሚለው ሐሳብ ይመጣባችኋል፤ ተዉት። በአዋቂ እግር አሥራ አምስት ደቂቃ የሆነው፣ ጉንዳን በሚያይ ልጅ እግር ግማሽ ሰዓት ነው።

ሙዚየሙ ያለው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ንጉሡ ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር (ከከሸፈው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ) በኋላ ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት ነው። እኔ ከተማዋ ውስጥ ለልጅ የሚሆን ሙዚየም አንድ ብቻ ምረጪ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ምክንያቱም አደረጃጀቱ። ዕቃዎቹ በብሔረሰብ ተለያይተው አልተደረደሩም፤ እንደ ሰው ሕይወት ነው የተደረደሩት። መጀመሪያ ልደትና ልጅነት፣ ከዚያ ጉልምስና፣ በመጨረሻ ሞት። ልጅ ገና ሲገባ የሚያገኘው የራሱን ዓለም ነው፦ መጫወቻ፣ ጨዋታ፣ ተረት። "ይህን ሰፈር ውስጥ የሚጫወት አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። ጉልምስናው ላይ ስትደርሱ ፍጥነት ጨምሩ፤ ሞቱን የልጁን ፊት አይታችሁ ወስኑ።

የንጉሡ መኝታ ቤት እንዳያመልጣችሁ። አልጋው፣ መታጠቢያ ቤቱ፣ የ1953ቱ ጥይት የበሳው መስታወት። ልጄ መታጠቢያ ቤቱን አየና ጮክ ብሎ "ንጉሥም ሽንት ቤት ይሄዳል እንዴ?" አለ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። በዚያ ዕድሜ ታሪክ የሚገባው እንዲህ ነው። ስለ ንጉሥ አሁን ከእኔ በላይ ያውቃል።

በገናን የምታገኙት የሙዚቃ መሣሪያው ክፍል ውስጥ ነው። ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ እምቢልታውን እያሳያችሁ "ይህ እንዴት ይጮኻል?" በሉ። በአፋቸው ያሰሙ፤ ቀስ ብለው።

ስትወጡ ከሕንፃው ፊት ለፊት የቆመውን ጠመዝማዛ ደረጃ አሳዩአቸው። ጣሊያኖች ናቸው የሠሩት፤ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ዓመት ጀምሮ ለየዓመቱ አንድ ደረጃ። ወደ የትም አያደርስም። ከተሸነፉ በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። "ደረጃውን ቁጠሩ፤ ጣሊያን ስንት ዓመት ላይ ቆመ?" በሏቸው። የአንበሳ ካርዱም እዚያው ያበቃል። ከዚያ ሣሩ ላይ ይሩጡ። ከግቢው ወጥታችሁ አደባባዩ ላይ ስለቆመው ሐውልት ከጠየቁ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ለተጨፈጨፉት መሆኑን በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሯቸው። ዝርዝሩ ሲያድጉ ይደርስላቸዋል።

8. አንድነት ፓርክ

ይህ ሰፊ ነው። መስከረም 29 ቀን 2012 ነው የተከፈተው፤ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ። ፍተሻው ከሌላው ቦታ ይጠብቃል፣ ስለዚህ ቦርሳ አቅልሉ።

እንደ ሙዚየም ሳይሆን እንደ ሽርሽር አስቡት። ልጆች እንስሳቱን ይፈልጋሉ፣ አዋቂ የምኒልክን ቤት ይፈልጋል። ፀቡ እዚህ ላይ ነው። የእኛ መፍትሔ አንበሳን ሽልማት ማድረግ ነው፦ መጀመሪያ የምኒልክ ግብር አዳራሽ፣ ከዚያ ጥቁር ጋማውን አንበሳ። በተቃራኒው ከጀመራችሁ አዳራሹን አታዩትም፤ አንበሳውን ትቶ የሚሄድ ልጅ የለም። አዳራሹ ውስጥ ዝም ብላችሁ አትለፉ። "ስንት እንግዳ እዚህ ይበላ ነበር? ስንት እንጀራ ያስፈልጋል?" ብላችሁ ጠይቁ። የእኅቴ ልጅ "እናቴ ብቻዋን ከጋገረች እስከ ጥምቀት አትጨርስም" አለ። ጥሩ ሒሳብ ነው።

ከዙፋን ቤቱ ሥር ደርግ ባለሥልጣናትን ያሰረበት ክፍል አለ። እኛ ልጆቹን ለአንዳችን ትተን በተራ ገባን።

የክልሎቹ ቤቶች ጋ ደግሞ ልጁን የአያቱን ቤት የሚመስለውን እንዲፈልግ አድርጉት። ከውጭ ለመጣ ልጅ በተለይ። "አያትህ የተወለደችው እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነው" ሲባል ዓይኑ ይለወጣል።

9. ዝናብ ከጣለ

ጠዋት ከእንቅልፍ ስትነሡ ዝናቡ እየወረደ ከሆነ አንድነት ፓርክም ዞማም ይቅር። በመስከረም 2015 የተመረቀው የሳይንስ ሙዚየም በዚህ ቀን ይጠቅማል። ጉልላት ያለው ክብ ሕንፃ ነው፤ ውስጡ የሚበራ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ስላለው "ዳኛ" ጨዋታው አያስፈልግም። ኤግዚቢሽንና ስብሰባ ስለሚበዛበት ለሕዝብ ክፍት መሆኑን ቀድማችሁ አጣሩ።

እንጦጦ ደግሞ የብራ ቀን ነው። እንጦጦ ማርያም ምኒልክ በ1882 ዘውድ የጫኑባት ቤተ ክርስቲያን ናት፤ አጠገቧ ሙዚየም አለ፣ ቤተ መንግሥታቸውም ቅርብ ነው። ለልጅ የሚገርመው ግን የባሕር ዛፉ ሽታና ከተማዋ ከታች ተዘርግታ መታየቷ ነው። "ቤታችን የት ነው?" የሚለው ጨዋታ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ኮፍያ አድርጉላቸው። ብርዱ ያታልላል እንጂ ፀሐዩ ያቃጥላል።

10. ሲያለቅስና ሲጠፋ

ማልቀሱ አይቀርም። ሲጀምር ይዛችሁ ውጡ፤ እዚያው ለማባበል አትሞክሩ። ውሃ፣ ሙዝ፣ አምስት ደቂቃ። ካልተወው ጉብኝቱ አልቋል። የከፈላችሁትን ገንዘብ አታስቡት። "ከፍዬ ገብቼ" የሚለው ሐሳብ ነው ስንት ቤተሰብ ያጣላው።

ለመጥፋት ደግሞ በር ላይ ስትገቡ አንድ ነገር አሳዩት፦ ትልቅ ዛፍ፣ ሐውልት፣ የትኬት መስኮት። "ካጣኸን እዚህ ቁም፤ አትፈልገን፣ እኛ እንመጣለን" በሉት። የደንብ ልብስ የለበሱትን አሳዩትና "ጋሼ፣ እናቴን አጣኋት" ማለትን አለማምዱት። የእኅቴ ትንሹ አንዴ ስድስት ኪሎ ላይ ጠፋብን። ስናገኘው ጥበቃዎቹ መሀል ተቀምጦ ሻይ በዳቦ እየበላ ነበር። ክንዱ ላይ ያለውን ቁጥር ራሱ አሳይቷቸው ነበር። እኛን ሲያይ ቅር አለው።

11. ምሳና ማታ

ምሳ ላይ ጀብዱ አይሞከርም። የሚያውቁትን ይብሉ። ፓስታ የሌለበት ቤት የለም፤ ጾም ከሆነም በያይነቱ በልጅ መጠን ይታዘዛል። ስፕሪስ ጁስ ለሁለት ልጅ አንድ ይበቃል።

ማታ ካርዶቹን አውጡ። ያዩትን ለአባታቸው ወይም ለአያታቸው ይንገሩ፤ እናንተ አታርሙ። ልጄ ለአያቱ "ድንቅነሽ ንጉሥ ነበረች፣ ሽንት ቤቷም መስታወት ነበረው" ብሎ ሲነግራት ዝም አልኩ። አያቱም "አይ ልጄ፣ ዘመኑ እንዲያ ነበር" አለችው።

የበሩ መቃን ላይ ያለውን መስመር አትደምስሱት። በዚህ ክረምት ለካን። ትልቁ ካለፋት ቆይቷል። ትንሿ ድንቅነሽ ላይ ለመድረስ ስድስት ሳንቲሜትር ይቀራታል። በየእሁዱ ጠዋት ጫማዋን አውልቃ ስሩ ትቆማለች።